የማያቆም የማቆሚያ ቁልፍ

ውድ ጭምቴ፣

ስልክሽን ዘግተሽ ስለተደበቅሽ ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡስ ሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ። በአክስትሽ በር ላይ ቆሞ ክላክሱን እንዲያስጮህ፣ አንቺ ራስሽ ወጥተሽ ካልተቀበልሽው በቀር እንዳይተው ነግሬዋለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ ብሎ ሲያይሽ ፊትሽ ቲማቲም እንደሚመስል ከዚህ ሆኖ ይታየኛል። ተቆጪ፣ መብትሽ ነው። ብቻ ግማሽ ላይ እንዳታቋርጪው። ግማሽ ላይ የተቋረጠ ነገር ምን መዘዝ እንደሚያመጣ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። እናትሽ ደህና ናት። ባለፈው ሰሞን ግን "ሄጄ አመጣታለሁ" ብላ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደችው።

"እስከ ረቡዕ ታገሺኝ" አልኳት።

"ረቡዕ ካለፈ አንተንም ጨምሬ ነው በጆሮህ የምጎትትህ!"

ታላቅ እህቴ ናትና ጆሮዬ ይህን ቃል በደንብ ያውቀዋል። ለምን ረቡዕ እንዳልኩ እመጣበታለሁ።

ያን ቀን ከማተሚያ ቤቱ ስትወጪ አንቺ ያየሽው የነገሩን ጅራት ብቻ ነው። የትምህርት መጽሐፉ የተበላሸ ወረቀት መሬት ላይ ተከምሯል፤ አለቃችን ያንቺን ሥራ "ይሄን ፕሮግራም ከኮምፒውተሬ ላይ አንሱልኝ!" እያለ ይጮኻል፤ ማሽኒስቱ አንዱን ወረቀት አንስቶ "ትምህርት አምስት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ልጆቹ በደንብ እንዲገባቸው ነው?" እያለ ነገር ያባብሳል። አንቺ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ሻርፕሽን ከወንበሩ ላይ አነሳሽና ወጣሽ። እኔ ደግሞ በሰዓቱ ማሽን ሥር ተኝቼ ብሎን እየፈታሁ ነበር፤ ከሥር ወጥቼ እጄን እስክጠርግ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ነበር።

አሁን ደግሞ አክስትሽ ለእናትሽ እንደነገረቻት "ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም" ብለሽ ልብስ መሸጫ ሱቅ ልትቀጠሪ ነው። አንቺ ሻጭ! ደንበኛው "ስንት ነው?" ሲልሽ በሆድሽ መልሰሽለት፣ እሱም አልሰማ ብሎ ወጥቶ ሲሄድ ታየኝ። ለሱቁ ባለቤት አዝኜ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

ከሄድሽ በኋላ ምን እንደተደረገ ስሚ። እትዬ በወንበሯ ላይ ናት። መቼም ገጽ በማቀናበር እሷን የሚያህል የለም። ገጾቹን በትልቁ ወረቀት ላይ አንዱን ቀና፣ አንዱን ዘቅዝቃ ትደለድላለች፤ ወረቀቱ ሲታጠፍና ሲጠረዝ ሁሉም ገጽ በተራው ይመጣል። አንድ መጽሐፍ በእጇ ገጽ በገጽ እየጎተተች ስትደለድል ሁለት ቀን ይፈጅባት የነበረውን ያንቺ ፕሮግራም ግማሽ ሰዓት አደረገላት። ስለዚህ ጠላትሽ አይደለችም፤ ጣቷን ያሳረፍሽላት አንቺ ነሽ። ታዲያ ያን ቀን የተበላሸውን ሥራ ስታሳልፍ ምን ነካት? ብዬ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና "እንደ አመልሽ አሠሪው፣ እኔ የለሁም በይ" አልኳት።

"ጀምር" የሚለውን ተጫነች። መስኮቱ ነጭ ሆነ። ከላይ "ምላሽ አይሰጥም" የሚል ወጣ።

"ይኸው" አለችኝ። "ሞተ።"

"አልሞተም፣ እየሠራ ነው።"

"በምን አወቅህ? ትንፋሹን አዳመጥክ?"

ተንበርክኬ ጆሮዬን ኮምፒውተሩ ጎን ላይ ለጠፍኩ። ማራገቢያው ይጮኻል። "ይተነፍሳል" አልኳት።

"ታዲያ ለምን አይናገርም?"

"የጻፈችውን ልጅ አታውቂያትም እንዴ? እሷስ መቼ ተናግራ ታውቃለች?"

ሳቀች። እየሳቀችም በጣቷ "ጀምር" የሚለውን ትጠቀጥቃለች፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። እኔ ሶኬቱ ፊት ቆሜ ዘብ ጠበቅሁ። ምክንያቱም የዚያን ቀኑ ጉድ ከየት እንደመጣ ያኔውኑ ነግራኛለች፦ መስኮቱ ነጭ ሆነባት፣ ጠበቀች፣ ሰደበችው፣ በመጨረሻ ሶኬቱን ነቀለች። መልሳ ስትከፍተው ፎልደሩ ውስጥ ወረቀቶቹ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተደርድረዋል። "ለካ ጨርሷል፤ መናገር ረስቶ ነው" ብላ ለፕሌት፣ ለማተሚያው ሰሌዳ ሥራ፣ አሳልፋ ሰጠችው። አልጨረሰም ነበር። የፊተኛው ግማሽ አዲሱ ነው። የኋለኛው ግማሽ አንቺ ከሳምንታት በፊት የሞከርሽው፣ ያልታረመው ነው። ቁጥራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ተቀላቅለው ወንድማማች መስለው ተቀመጡ።

ገባሽ? ድልድሉ ላይ አንድም ስህተት የለም። ያንቺ ፕሮግራም ያን ቀን የበደለው ነገር ቢኖር ዝም ማለቱ ነው።

ወደ ዘብነቴ ልመለስ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መስኮቱ ነፍስ ዘራ፣ "ተጠናቋል" አለ። ሁለታችንም እጃችንን አነሳን። እጃችንን ሳናወርድ መልሶ ነጭ ሆነ! እትዬ ጮኸች። ለካ ያ ሁሉ ጠቅ ጠቅ ሰልፍ ይዞ ሲጠብቅ ኖሯል። ደጋግማ "ጀምር" ብላዋለች፤ ታዛዥ ነውና የታዘዘውን ያህል ሊጀምር ተነሳ። እትዬ ወደ ሶኬቱ፣ እኔ ወደ እትዬ! ማሽኒስቱ በር ላይ ቆሞ "ዳንስ ነው?" አለ።

ይሄኔ ዳቦው ትዝ አለኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሽ እናትሽ ዳቦ ልካሽ ቀረሽ። ቀረሽ ቀረሽ፣ እሷ አንድ እግሯ ጫማ አድርጎ ሌላው ባዶውን አስፋልት ላይ ወጥታ ስምሽን ትጣራለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዳቦውን አቅፈሽ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አልሽ። የቅርቡ ዳቦ ቤት ተዘግቶ እስከ ሩቁ ሄደሽ ነበር።

"ለምን ተመልሰሽ አልነገርሽኝም?" ስትልሽ፣

"ዳቦውን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው" አልሻት።

ዳቦው ትኩስ ነበር፣ ቁጥሩም አልጎደለም። እናትሽ ግን በዚያች ግማሽ መንገድ ላይ አንዴ ቀብራሻለች። አየሽ፣ ፕሮግራም የሚጽፈውን ሰው ይመስላል፤ ያንቺ ደግሞ ቁርጥ አንቺን ነው።

እንግዲህ ፕሮግራም የተማርኩት አንቺ ፈተና ጨርሰሽ ከጣልሻቸው መጻሕፍት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ዳር ዳሩ ላይ የሣልሻቸውን ድመቶች ሳይቀር አጥንቻለሁ። ስለዚህ "ይቺማ ለኔ ምን አላት!" አልኩ። ፕሮግራምሽን ወደኔ ኮምፒውተር ገለበጥኩና አንድ አረንጓዴ መስመር ጨመርኩበት። መስመሯ ከግራ ተነስታ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ትሞላለች። አንቺ እንዳትስቂ፤ መስመሯ ከሥራው ጋር ምንም ዝምድና አልነበራትም። ሰዓት ብቻ ነበር የምታየው። ሥራው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ መስመሯም በግማሽ ሰዓት ትሞላለች፣ አበቃ።

የተደሰቱትን ብታዪ! እትዬ እጇን አጣጥፋ መስመሯን እንደ ፊልም ታያታለች። ማሽኒስቱ "ግማሽ ደረሰች፣ ሻይ ጠጥቼ ልምጣ" ማለት ጀመረ። አለቃችን እንኳን በዚያ ሲያልፍ ቆም አለና "ይሄስ ደህና ነው" አለ። እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ ላንቺ እንዴት አድርጌ እንደምጎርርብሽ ቃላት እየመረጥኩ ነበር።

በማግስቱ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ መጣ። ከባድ ነው። መስመሯ በሰዓቷ ሞላች፣ "ተጠናቋል" ብላ ፎከረች። ሥራው ግን ገና መንገድ ላይ ነው። እትዬ ባለፈው ተቃጥላለችና ፎልደሩን ከፍታ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። የመጨረሻዎቹ የሉም።

"አንተ ቀልማዳ!" ጩኸቷ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ነበር። "ዋሸኸኝ!"

"እትዬ፣ መስመሯ ትንሽ ቸኮለች እንጂ…"

"ዝም የሚለው ይሻለኛል! ዝም ያለውን ቢያንስ እጠረጥረዋለሁ። ይሄኛውን አምኜው ነበር!"

ተሳድባ ከሄደች በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍሽውን በደንብ አነበብኩት። ቀድሞ የምገባው እንደ ሌባ ነበር፣ መስመሬን ለጥፌ ልወጣ። አሁን እንደ እንግዳ ገባሁ። ጭምቴ፣ ምን ያለ ንጹሕ ቤት ነው! ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። እዚያ ውስጥ ምን አገኘሁ መሰለሽ? እያንዳንዱ ወረቀት ባለቀ ቁጥር ፕሮግራምሽ "ይህ አለቀ፣ ይህን ያህል ቀረ" ብሎ ይመዘግባል። ማንም በማይከፍተው ፋይል ውስጥ! እውነቱን ስትናገሪ ኖረሻል፤ የተናገርሽው ግን ለግድግዳ ነው። አንዱ ሰው ወሬውን ከጓዳ ወደ ፊት ለፊት ቢያወጣው ኖሮ እስካሁን የልብስ ሱቅ የሚባል ነገር ባልታሰበሽ።

ወሬው ለምን እንደማይወጣ ያሳየችኝ ደግሞ እንግዳ ተቀባያችን ናት። የመጋዘን ሠራተኛው በታመመበት ቀን እሷው ደንበኛ ትቀበላለች፣ እሷው መጋዘን ገብታ ዕቃ ታወጣለች። ስትገባ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ደንበኛው ይመጣል፣ ደወሉን ይደልቃል፣ ማንም የለም፣ "ዘግተዋል" ብሎ ይሄዳል። እሷ ግን ከኋላ ሆና ለእሱው ዕቃ እያወጣች ነው! ያንቺም ፕሮግራም እንደዚያው ነው። መስኮቱን የሚጠብቀውና ገጹን የሚደለድለው አንድ ሠራተኛ ነው። ድልድል ሲገባ መስኮቱ ባዶ ይቀራል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከኋላ ይሥራ፣ አንዱ ከፊት ይቁም፤ የኋላው በየጊዜው አንገቱን አስግጎ "ይህን ያህል ደርሻለሁ" ይበለው።

ለሁለት ከፈልኩት። የመጀመሪያው ሙከራዬ አሳፋሪ ነበር። የኋለኛው ሠራተኛ ወሬኛ ሆኖ አረፈው። ለእያንዳንዱ ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ሥዕል፣ ለእያንዳንዷ የጽሑፍ መስመር "ይሄን አደረግሁ፣ ይሄንንም አደረግሁ" እያለ ይሮጣል። የፊተኛው ወሬ ሲሰማ ሌላ ምንም መሥራት አቃተው፤ መስኮቱ መልሶ ነጭ ሆነ። ካንቺ ዝምታ ሸሽቼ ከእኔ ወሬኛነት ላይ ወደቅሁ ማለት ነው፤ እናትሽ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ወረቀት ባለቀ ቁጥር ብቻ እንዲናገር አደረግሁት። ደግሞም ሥራ ላይ ሳለ "ጀምር" የሚለው ቁልፍ እንዳይሠራ ዘጋሁት፣ እትዬ እንደፈለገች ትጠቅጥቀው።

አሁን መስመሯ እውነተኛ ናት። ሥዕል ያለበት ወረቀት ላይ ስትደርስ ትዘገያለች፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ላይ ትሮጣለች። ከሥሯ "ይህን ያህል አልቋል፣ ይህን ያህል ቀርቷል" የሚል ጽሑፍ አለ። እትዬ መጀመሪያ አኮረፈች፤ መስመሯ አንድ ቦታ ላይ ስትዘገይ ግን ጠጋ ብላ አየቻት።

"ለምን ቆመች?"

"ከባድ ሥዕል ይዛ ነው።"

"እንግዲህ ይሄኛው ይሠራል ማለት ነው" አለች። "የሚሠራ ሰው አንዳንዴ ይዘገያል።" ይህ ከእሷ አፍ ሲወጣ ምስጋና ነው።

አለቃችን ዘንድ ይዤው ገባሁ። አንቱ እያለ በትህትና የሚቆጣ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ።

"ጋሼ፣ በትንሽ መጽሐፍማ ሁሉም ይሠራል። ሐሙስ ጠዋት ያንኑ የተበላሸውን የትምህርት መጽሐፍ በፊቴ ያስኪዱት። ከሠራ ፕሮግራሙም ይቆያል፣ የእህትዎ ልጅም ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ካልሠራ እትዬ ወደ እጇ ሥራ፣ እርስዎም ወደ ብሎንዎ።"

"ይሠራል" አልኩት።

እትዬ ግን ከኋላዬ ገብታ ኖሯል። "እኔ አላስኬደውም" አለች። "ማቆሚያ የለውም። ማቆም የማልችለውን ነገር አልጀምርም። ባለፈው ሶኬት የነቀልኩት ወድጄ ነው? ሌላ ማቆሚያ ቢኖረው ምን አስነቀለኝ?"

እውነቷን ነው። "አቋርጥ" የሚል ቁልፍ ሠራሁላት። ተጫነችው፣ ቆመ። ቆመ እንጂ እንዴት ቆመ! አንድ ወረቀት ላይ ግማሹ ገጽ ተሥሎ ግማሹ ባዶ፣ ፎልደሩ ውስጥ ያለቀውና ያላለቀው እንደገና ተደባልቆ። ከሶኬቱ የተሻለ አላደረግሁም፤ ጌጥ ብቻ ጨመርኩበት። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሸክም ተሸክሞ የሚሄድን ሰው "ቁም" ማለት ማንም ይችላል፤ ሸክሙን የት ላይ ቢያወርደው እንደማይሰበር የሚያውቀው ግን የጫነው ነው። የጫንሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ሥራው የት ላይ ቢቆም ንጹሕ እንደሚሆን፣ ያላለቀው የት ተለይቶ እንደሚቀመጥ፣ አሮጌው ከአዲሱ ጋር እንዳይቀላቀል ምን እንደሚደረግ አንቺ አንድ ከሰዓት ተቀምጠሽ ትጨርሽዋለሽ። እኔ አንድ ዓመት ብቀመጥ ድመት ነው የምሥልበት።

ስለዚህ ቁልፉን አልጨረስኩትም፤ አደበዘዝኩት። መስኮቱ ላይ ግራጫ ሆኖ ተቀምጧል። ቢጫኑት ምንም አይልም። እትዬ ጠዋት ስትገባ ጣቷን ታሳርፍበታለች።

"ይሄ ለጌጥ ነው?"

"ባለቤቱን እየጠበቀ ነው።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ረቡዕ።"

አየሽ፣ ከሐሙሱ ሙከራ በፊት ቁልፉን የምትጨርሽበት አንድ ከሰዓት እንዲኖርሽ፣ ሳልጠይቅሽ ረቡዕ ብዬአለሁ። ለእትዬ ነገርኩ፣ ለእናትሽ ነገርኩ፣ ለአለቃችን ነገርኩ፤ ማሽኒስቱማ ለመንደሩ ሁሉ ሳይነግር አልቀረም። ካልመጣሽ ቀልማዳ የሚባለው አጎትሽ ነው፤ ስሙን ግን ለምጄዋለሁና እሱ አያሳስብሽ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሥራሽን ከውስጡ ገብቼ አይቼዋለሁ። ያላየሁትን አላደንቅም፣ ሳደንቅም አልዋሽም፤ በሰዓት የሚሞላውን መስመር ትቼዋለሁ። ይህ ሙያ ያንቺ ነው። የጎደለሽ አንድ ነገር ቢኖር መንገድ ላይ ሳለሽ መናገር ነው፤ እሱን ደግሞ ለፕሮግራምሽ ካስተማርሽው አንቺም ሳትወጂ መማርሽ አይቀርም።

ሹፌሩ ረቡዕ ማለዳ ይመለሳል። የፊት ወንበሩን ላንቺ ይዞልሻል፤ እንዳትከራከሪው፣ እንዳንቺ ዝምተኛ አይደለም፣ ያሸንፍሻል። ስልክሽን ክፈቺና ለእናትሽ "ተነሥቻለሁ" በያት። መካከል ላይ ስትደርሺ "ግማሽ ደርሻለሁ" በያት። መኪናው ቢበላሽ "ቆመናል" በያት፤ መቆም ነውር አይደለም። በሰዓት አትገምቺ፣ በእውነት የደረስሽበትን ብቻ ንገሪያት። ሻንጣው አሁንም በር ሥር ነው። "የመጀመሪያውን ቃል ስሰማ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ" ብላለች።

ይህን ስጽፍ እትዬ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች። "ሸክም ያልከው ጥሩ ነው፣ የቀረው ወሬ ነው" አለችኝ። ላንቺም አንድ መልእክት አላት፣ እንዳለችው ልጻፈው፦ "ንገራት፤ ሐሙስ መስኮቱ ነጭ ቢሆን እንኳ እሷ አጠገቤ ካለች አልነቅልም።"

እስከዚያው ሶኬቱ ላይ ዘብ ቆሜ የምጠብቅሽ፣

አጎትሽ